ያልታዘዘ ሳጥን

እኛ ቤት ሞት እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ሰው ፊቱ እንዳበጠ ይገባል፣ የሟቹን ቁመት ይነግረናል፣ ሳጥኑን ይዞ ይወጣል። ባሌ የሬሳ ሳጥን ይሠራል፤ እኔ ውስጡን ገበር አለብሳለሁ። ሥራችንን የሰማ ሁሉ ፊቱን ስለሚያጨማድድ፣ «ምን ያስጨንቃችኋል? የማትቀሩ ደንበኞቻችን እኮ ናችሁ» እላለሁ። ባሌ ይህን ቀልዴን አይወደውም። ሰፈሩ «ዝምታው» ይለዋል፣ እውነቱን ነው፤ ከእሱ አፍ አንድ ቃል የሚወጣው በጉጠት ነው። ስለዚህ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ እናገራለሁ፣ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ እቆጣለሁ።

ወርክሾፑ ከፊት ነው፣ እኛ ከኋላ ባለችው ክፍል እንኖራለን። የሚለየን የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ከወዲያ መጋዝ ሲሳብ ከወዲህ አልጋው ይነዝራል። አንዲት ልጅ ወለድን። መዳህ ከጀመረች አንስቶ ፀጉሯ ከእንጨት ብናኝ ተለይቶ ስለማያውቅ አባቷ «ሰጋቱራ» አላት፣ እሱው ስሟ ሆኖ ቀረ። አድጋ ልጃገረድ ከሆነች በኋላም «ሰጋቱራ!» ብሎ ሲጠራት «አቤት አባዬ!» ትላለች እንጂ አታፍርም። ስፌት ላስተምራት ብዙ ደከምኩ። እጇ ለስፌት አልተፈጠረም። «ይሄ ስፌት ነው የሰካራም መንገድ?» እያልኩ የሰፋችውን ሁሉ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ።

«እማዬ፣ የተቀበረ ሰው እኮ ስፌት አያይም» ትለኛለች።

«እኔ አያለሁ!» እላታለሁ። ጠማማ ስፌት ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

የባሌ አባት ሲሞቱ የተዉልን አንድ መጋዝ፣ ሁለት መላጊያ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ በላይ የተለጠፈች የእመቤታችን ሥዕልና አንድ ሕግ ነው። ሕጉ «ያልታዘዘ ሳጥን አይሠራም» የሚል ነው። ሌላው ሳጥን ሠሪ በየልኩ ሠርቶ ይደረድራል፤ እኛ ግን ሰው ሞቶ፣ ዘመድ መጥቶ፣ ቁመቱ ካልተነገረን ጣውላ አንቆርጥም። «ባዶ ሳጥን ባለቤቱን ይጠራል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ደንበኛ አስመልሰናል፣ ተሰድበናል፣ ሕጉን ግን አፍርሰን አናውቅም።

ሥዕሏ ደግሞ ከመስቀሉ ሥር የቆመችዋ ናት። ርካሽ ወረቀት ናት፣ አንዱ ጥግ በኮላ ብዛት ተሸብሽቧል። ሲነጋ የእንጨቱ ብናኝ ፊቷን ሸፍኖት ስለሚያድር መጀመሪያ የማደርገው በቀሚሴ ጫፍ እሷን መጥረግ ነው። «እንዴት አደርሽ እመቤቴ» እላታለሁ። እንደ ጎረቤት ነን። የሚያናድደኝንም የሚያሳስበኝንም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፤ ባሌ መስማቱን እንጂ መመለሱን አያውቅበትም፣ እሷ ደግሞ ዝምታዋ እንኳን መልስ ይመስለኛል።

ልጄ የታመመችው ልቧን ነው። ደረጃ ስትወጣ ትቆማለች፣ ከዚያ በሜዳውም መቆም ጀመረች፣ ከዚያ እግሯ አበጠ። ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን ሐኪሙ እኔንና ባሌን ወደ ኮሪደሩ ጠራንና፣ «እናት፣ ልቧ በጣም ደክሟል። ቤት ውሰዷትና የወደደችውን ስጧት» አለን። የወደደችውን ስጧት! ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ። ይህን የተባለ ቤተሰብ ብዙ ሳይቆይ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ሐኪሙን በዓይኔ ከላይ እስከ ታች ለካሁትና ሳልሰናበተው ወጣሁ።

እንግዲህ የቀረችኝ እመቤቴ ናት። «እናት ለእናት እንነጋገር» አልኳት። «ለልጄ ከለመንሽልኝ ይህን ጾም በሙሉ እስከ ማታ ውሃ አልቀምስም።» አልቀመስኩምም። ከንፈሬ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጠቀ። ማታ ማታ ከልጄ አልጋ አጠገብ ተንበርክኬ አባታችን ሆይ እላለሁ፤ ግን «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። እግዜርን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ፈቃዱ ምን እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፣ በገዛ አፌ ይሁንልህ አልልም።

«እማዬ፣ ዘለልሽ» ትላለች ልጄ ከትራሷ ላይ።

«ተኚ አንቺ!»

«እኔም እኮ ልጹም።»

«ሕመምሽ ጾሞልሻል፣ ሾርባሽን ጠጪ!»

ታዲያ አንድ ቀን የባሌን የሥራ ካፖርት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ሲባጎ አገኘሁ። እኛ ጋ የተነገረን ቁመት በሜትር አይለካም። ባሌ በሲባጎ ነው የሚለካው፤ ቁመቱ ላይ ይቋጥራል፣ ሥራው ሲያልቅ ሲባጎውን እሳጥኑ ውስጥ ይተወዋል። እኪሱ ውስጥ ካለ ያላለቀ ሥራ አለ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ የታዘዝነው አንድ የሽማግሌ ሳጥን ብቻ ነበር፣ እሱም ወጥቷል፤ የሰማሁት መጋዝ ሁሉ የእሱ መስሎኝ ነበር። ቋጠሮውን ይዤ ዘረጋሁት። እኔ የልጄን ቀሚስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰፋሁ ሴት ነኝ፤ ልኳን የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። የልጄ ቁመት ነው።

ወርክሾፑ ገብቼ ሸራውን ገለጥኩት። ከጣውላው ክምር ኋላ፣ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሻሽቶ፣ ያለ ገበር ቆሟል። እንጨቱን ሳየው ደግሞ ባሰብኝ። ለሠርጓ አልጋ ይሆናል ብሎ ስንት ዓመት ያስቀመጠው እንጨት ነው።

ባሌ መላጊያውን ይዞ ቆሞ ያየኛል።

«ገና ትንፋሿ ሳይወጣ ቀበርካት?» አልኩት። «አንተ ሰው አይደለህም!»

«ትሰማለች» አለ በቀስታ።

«ትስማ! አባቷ ጓጉቶ ሳጥን እንደሠራላት ትስማ! አባትህ ምን ነበር ያሉት? ያልታዘዘ ሳጥን አይሠራም አላሉም? ለሰው ልጅ ያልሠራኸውን ለራስህ ልጅ?»

አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊል ነበር፤ አየሁት። ከዚያ መልሶ ዘጋው። «የእግዜር ፈቃድ...» ብሎ ተወው።

«ፈቃዱን ላንተ ብቻ ነገረህ? መልአክ ላከብህ? ይሄ የእግዜር ሳይሆን ያንተ ፈቃድ ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱን አላነጋገርኩትም። እሷንም አኮረፍኳት፣ እመቤቴን። ሳጥኑ ሲሠራ እላይ ተለጥፋ እያየች ዝም ብላለቻ! በማግስቱ ስነሳ ፊቷን ብናኝ ለብሷል። በቀሚሴ ጫፍ ልጠርጋት እጄ ተነስቶ ነበር፤ መለስኩት። እንዴት አደርሽም አላልኳትም። በነጋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየደበዘዘች ሄዳ በመጨረሻ ዓይኖቿ ጠፉ። እኔ ከሥሯ ተቀምጬ መኪናዬን እረግጣለሁ። ውሃውን ግን አሁንም እስከ ማታ አልቀምስም። ኩርፊያ ሌላ፣ ቃል ሌላ።

ሳጥኑን መስበር አስቤ መጥረቢያ አንስቻለሁ። እንጨቱን ሳየው አንጀቴ እምቢ አለ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ባዶ ሳጥን ከዚህ ቤት ካልወጣ ልጄን ይጠራታል።

ጾሙ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ አንድ ሰው መጣ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንኳን አላወለቀም። ሚስቱ በድንገት ሞታበታለች። ቁመቷን ሲጠየቅ እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገ፣ «እዚህ ድረስ ናት» አለና እጁን እዚያው ረሳው። ነገ ጠዋት ትቀበራለች።

ባሌ አንገቱን ደፋ። «ጣውላ አልቋል ወንድሜ። ነገ ጠዋት አልደርስም።»

«አለ!» አልኩ እኔ፤ ቁመቷ ከልጄ ብዙም አይርቅም።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ከስንት ቀን በኋላ ያየሁት ዓይኑ ነው፤ እንደ ልጅ እየለመነኝ ነበር። እኔ ግን ሸራውን ገፍፌ ጥዬዋለሁ። ሹፌሩ እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሄማ ለሰው የተሠራ ይመስላል» አለ።

«ባለቤት የለውም» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! እዚያው ቁጭ ብዬ ገበሩን ሰፋሁለት። እንደዚያ ቀን እጄ ፈጥኖ አያውቅም፤ መርፌው ራሱ የሚሮጥ ይመስለኛል። ሰውየው ከዘመዶቹ ጋር ተሸክሞ ሲወጣ፣ «እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ልጅ ካለሽ ልጅሽን ያኑርልሽ» አለኝ። ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። ከኋላው ደጃፉን ጠረግሁ፣ ጥራጊውን ውጭ ደፋሁት።

ባሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ይዟል።

«አልቅስ!» አልኩት። «የተሸኘው ሳጥን ነው እንጂ ልጅህ አይደለችም።»

ደግሞስ ምን ሆነ? በማግስቱ ልጄ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሾርባዋን ጨረሰች፣ ጨው አንሶታል ብላ አማረረች። ፊቷ ላይ ደም ታየ። ባሌን በበሩ ስንጥቅ እያየሁ «አየህ?» ማለት አማረኝ። እየዘመርኩ ሰሃን አጠብኩ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዳለ ረስቼዋለሁ እንዴ! ሳጥኑ ወጣ፣ ሞትም አብሮ ወጣ አልኩ። እመቤቴም እንግዲህ ነገሩ ገብቷታል፣ ጾምም ኩርፊያም ሲበዛ አይጠቅምም፣ እንታረቅ ብዬ ወደ ሥዕሉ ሄድኩ። የቀሚሴን ጫፍ ሰብስቤ ልጠርጋት ስል ከኋላዬ፣

«እማዬ፣ ሳጥኔ የታለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ልጄ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ከመኝታ ክፍሉ እስከዚህ በእግሯ መጥታለች። በአንድ እጇ ባዶውን ሸራ ይዛለች።

«የምን ሳጥን?»

«አባዬ የሠራልኝ።»

ወንበሬን ሰጠኋት። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ለአንድ ሹፌር ሚስት ሰጠሁት» አልኳት። «ይሂድ ከዚህ ቤት! ያልታዘዘ ሳጥን ነበር።»

«ያልታዘዘ አይደለም እማዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ባሌ መጋዙን አስቀመጠ። ወደ ውጭ ሊወጣ ነበር፣ «አባዬ፣ ቆይ» ስትለው ባለበት ቆመ።

«ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያላችሁን ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እኔ እዚህ ቤት ነው ያደግሁት፣ ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? አባዬን ሥራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሲለካኝ የሲባጎውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እያለቀሰ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። እስክነግርሽ ድረስ እንዳትነግራት ብዬ አስምዬዋለሁ። አንቺ ደግሞ ቀድመሽ አገኘሽው፤ ስትጮሂበት ሰምቼ እንኳን ልነግርሽ ፈራሁ።»

ባሌን አየሁት። ያን ሁሉ ስድብ ዋጥ አድርጎ የቆመው ለልጁ ቃል ገብቶ ነው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይድን ነበር፣ አልተነፈሰም። የት ልግባ?

«ለምን?» አልኩ።

«ገበሩን አንቺ እንድትሰፊልኝ ነዋ። ከሞትኩ በኋላ አትችይም። ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣ አንቺ ደግሞ ስፌቱ ጠማማ ነበር እያልሽ ዕድሜ ልክሽን ትብሰከሰኪያለሽ። አላውቅሽም?» ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነባት። «ለምን ሰጠሽብኝ? እንጨቱን ወድጄው ነበር።»

ያኔ ገነፈልኩ። «እኔ እኮ ስለምንልሽ ነው የከረምኩት! ከንፈሬን አታይም? እመቤቴን ቀን ከሌት ስለምናት!»

«እኔም ለምኛታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እማዬን አቁሚልኝ ብዬ።»

አልገባኝም። በጣቷ ወደ ሥዕሉ አመለከተች። «እያት፣ ቆማለች። ከመስቀሉ አላወረደችውም። አውርዱልኝ ብትል ማን ይሰማታል? ግን ቆመች፣ እስከ መጨረሻው አልሄደችም። መልአኩ ሲመጣ እሺ አለች ይላሉ፤ ልጅ ሲሰጡት እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከባዱ እሺ ይሄኛው ነው።» ዓይኗን አጠበበች። «ቆይ፣ ምን ሆና ነው አቧራ የለበሰችው?»

«ተኮራርፈን ነው» አልኳት።

«በጾም?»

ባሌ ከወዲያ በአፍንጫው ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። እኔም እጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። ልጄ እኔን ስታባብለኝ፣ ፀጉሬ ውስጥ የገባውን ብናኝ በጣቷ ስትለቅምልኝ አመሸች። እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? ይደረጋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

በማግስቱ ደሙ ከፊቷ ሄደ። ባሌ ጣውላ ገዝቶ መጣ፤ ተራ ጣውላ ነው፣ የጉጥ ዓይን የበዛበት። በሩን ስለከፈትንላት ተኝታ ሲሠራ ታየዋለች። «አባዬ፣ እዚያ ጋ አልላግክም» ትለዋለች፣ እሱም መልሶ ይልጋል። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነጩን ገበር በእጄ ሰፋሁ፤ መኪናው ያስደነግጣታል። የሹፌሩን ሚስት ገበር በሮጠው እጄ ይህኛውን እየቆጠብኩ፣ እያዘገምኩ ሰፋሁት። ካላለቀ አትሄድም የሚል ሞኝ ነገር አሁንም ልቤ ውስጥ ነበር። እሷ ነቃችበት።

«ነይ፣ ስጪኝ» አለች። «የራስጌውን እኔ ልስፋው።»

መርፌውን ክር አስገብቼ ሰጠኋት። ጣቶቿ አብጠዋል፤ አንዷን ስፌት ወግታ ታርፋለች፣ ደግሞ ትወጋለች። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። የሰካራም መንገድ! አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ አቅም ስላነሳት እኔ አገዝኳት።

ስቅለትን አልጠበቀችም። ተራ ቀን ነበር፣ ረፋዱ ላይ፣ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አባቷ «ሰጋቱራ» አላት። አቤት አላለችም።

ሊሸኟት ከመጡት ጋር ያ ሹፌር ነበር። ማን እንደነገረው አላውቅም። ጥግ ላይ ቆሞ፣ የሚሸከምበትን ማዕዘን መርጦ ይጠብቃል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አንገቱን ሰበረ። ለሚስቱ የወሰደው ሳጥን የማን እንደነበረ የገባው ያኔ መሰለኝ።

ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ወደ ስፌት መኪናዬ ሄድኩ። በቀሚሴ ጫፍ ሥዕሏን ጠረግኋት። ዓይኖቿ ወጡ። «እንዴት ዋልሽ» አልኳት፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ተመልሼ ልጄ አጠገብ ቆሜ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ባሌ እጄን አልያዘም፣ አልገፋኝም፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። አልኩት። ሳልወደው አልኩት፣ እያለቀስኩ አልኩት፣ ግን አልዘለልኩትም።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ገበሩን አስተካከልኩ። ራስጌው ላይ የእሷ ስፌት አለ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ከልማድ ብዛት እጄ ኪሴ ገብቶ መቀሱን አውጥቷል። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። መቀሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ጠማማ ስፌት ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ወጣ።